በአሜሪካ ሙዚቃ የምትሠሩ፣ ሒሳባችሁን እንዲህ ያዙ

አሜሪካ ውስጥ የሐበሻ ሙዚቀኛ ብዙውን ጊዜ የሚከፈለው በካሽ ወይም በዜል (በስልክ ከባንክ ወደ ባንክ በሚላክ ገንዘብ) ነው። ውል የለም፣ ደረሰኝ የለም፣ «ቀሪውን ነገ እልክልሃለሁ» ግን አለ። ለጊዜው ይመቻል። ችግሩ ብቅ የሚለው ቤት ለመግዛት ባንክ ስትሄዱ ወይም እናታችሁን ለማስመጣት ፎርም ስትሞሉ ነው። ባንኩ የሁለት ዓመት የታክስ ወረቀት አምጡ ይላል። ኢሚግሬሽንም የታክስ ወረቀት ይጠይቃል። ኪሳችሁ ውስጥ የገባውን ሳይሆን ወረቀት ላይ የሰፈረውን ነው የሚያዩት።

ከሁሉ የሚከፋው ግን የጡረታው ጉዳይ ነው። የሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታ ለማግኘት 40 ክሬዲት ያስፈልጋል። በዓመት ቢበዛ አራት ነው የሚገኘው፤ ስለዚህ ቢያንስ አሥር ዓመት የተመዘገበ ገቢ ይጠይቃል። በ2025 አንድ ክሬዲት የሚገኘው በ1,810 ዶላር ነው። አራቱን ለመሙላት በዓመት 7,240 ዶላር ማስመዝገብ ይበቃል። ዕድሜ ልኩን በካሽ ሲጫወት ኖሮ ይህችን እንኳ ያላስመዘገበ ሰው፣ በትዳር አጋሩ በኩል መብት ከሌለው፣ 65 ሲሞላው ለሌላው በነፃ የሚሰጠውን ሜዲኬር ፓርት ኤ፣ ማለትም የአረጋውያንን የሆስፒታል ኢንሹራንስ፣ ከኪሱ ይከፍላል።

ስለዚህ ለአይአርኤስ፣ ለፌዴራሉ ታክስ ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት፣ ጠበቃ ልቆም አይደለም የተነሣሁት። ጥቅሙ የእናንተ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች፣ ሌላ ዓመት ካልጠቀስኩ በቀር፣ የ2025 የፌዴራል ቁጥሮች ናቸው።

1. መጀመሪያ ምን እንደሆናችሁ ለዩ

ሬስቶራንቱ ታክስ ቆርጦ ደመወዝ የሚከፍላችሁና በዓመቱ መጨረሻ ደብሊው-2 የሚባለውን የደመወዝ ወረቀት የሚልክላችሁ ከሆነ ተቀጣሪ ናችሁ። ይህ በእኛ ሙዚቀኞች ዘንድ ብርቅ ነው። ሌላው ሁሉ በራሱ የሚሠራ ይባላል። ፈቃድ ባታወጡም፣ ድርጅት ባትከፍቱም፣ ሠርግ ላይ ተጫውታችሁ ገንዘብ የተቀበላችሁ ዕለት ቢዝነስ ጀምራችኋል።

በዓመት ውስጥ ከሙዚቃ ያገኛችሁት የተጣራ ትርፍ 400 ዶላር ከደረሰ ማሳወቅ ግዴታ ነው። ቀን ቀን ሆስፒታል ወይም ፓርኪንግ ብትሠሩና ከዚያ ደመወዝ ታክስ ቢቆረጥም፣ የሙዚቃው ገቢ ለብቻው ይታሰባል። የሚሞላው ስኬጁል ሲ በሚባለው ቅጽ ነው።

«ኤልኤልሲ ክፈት፣ ታክስ ይቀንስልሃል» የሚል ወዳጅ አይጠፋም። አንድ ሰው ብቻውን የከፈተው ኤልኤልሲ (ኃላፊነቱ የተወሰነ ድርጅት) በራሱ ታክስ አይቀንስም። ስኬጁል ሲ ያው ስኬጁል ሲ ነው። የሚጠቅመው ስፒከራችሁ ወድቆ እንግዳ ቢጎዳና ብትከሰሱ ነው። ኢአይኤን የሚባለውን የቢዝነስ ቁጥር ግን ብታወጡ ጥሩ ነው፤ ለእያንዳንዱ አዘጋጅ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥራችሁን ከመስጠት ያድናችኋል። ከአይአርኤስ ድረ ገጽ በነፃ ነው የሚገኘው። ገንዘብ የሚያስከፍሏችሁ ገጾች ደላሎች ናቸው።

2. ሁለተኛ የባንክ ሒሳብ ክፈቱ

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምታደርጉ ከሆነ ይህን አድርጉ። ለሙዚቃ ብቻ የሚውል ሌላ ቼኪንግ አካውንት ክፈቱ። ዜሉን ከእሱ ጋር አያይዙት። የሙዚቃ ገንዘብ ሁሉ እዚያ ይግባ፤ ገመድም ሆነ ማይክ ስትገዙ ከዚያው ክፈሉ። ለቤት የምትፈልጉትን ወደ ግል ሒሳባችሁ አዛውሩ። እንዲህ ካደረጋችሁ የዓመቱ ሒሳብ ግማሹ በባንኩ መግለጫ ላይ ተሠርቶ ይጠብቃችኋል። እንጀራም ኬብልም ከአንድ ካርድ የሚገዛ ሰው ግን በማርች ወር አሥራ ሁለት ገጽ መግለጫ ዘርግቶ «ይህ 64 ዶላር ምን ነበር?» ሲል ያመሻል።

ካሽም ወደዚሁ ባንክ ይግባ። ከ10,000 ዶላር በላይ በአንድ ቀን በካሽ ስታስገቡ ባንኩ ለመንግሥት ሪፖርት ያደርጋል። ይህ የተለመደ ወረቀት ነው፤ ምንም አያስፈራም። የሚያስፈራው ሪፖርቱን ለመሸሽ ብሎ 9,000፣ ከዚያ 4,000 እያሉ ከፋፍሎ ማስገባት ነው። ገንዘቡ ንጹሕ ቢሆን እንኳ ሆን ብሎ መከፋፈሉ ራሱ ወንጀል ነው።

ከዚያ የቁጠባ ሒሳብ ጨምሩበት። ከእያንዳንዱ ክፍያ 25 በመቶውን እዚያ አስቀምጡ። ከሌላ ሥራ ጥሩ ደመወዝ ያላችሁ ደግሞ 30 በመቶ። አንዳንዱ የታክስ ገንዘቡን እቁብ ውስጥ ይጥላል። እቁብ ለሌላው ነገር ሸጋ ነው። ግን ዕጣው በኖቬምበር ይውጣ በጁላይ አታውቁም፤ የታክሱ ቀን ደግሞ ዕጣ አይጠብቅም።

3. ገቢ የሚባለውን ሁሉ መዝግቡ

ስልካችሁ ላይ ያለ ኤክሴል ይበቃል። ደብተርም ይሆናል። ለእያንዳንዱ ሥራ አንድ መስመር ጻፉ፦ ቀኑ፣ ቦታው፣ ማን እንደከፈለ፣ ቀብዱ፣ ቀሪው፣ በምን እንደተከፈለ፣ ስንት ማይል እንደነዳችሁ። ያን ምሽት ወይም በማግሥቱ ጻፉት። ከሳምንት በኋላ ማይሉን ማንም አያስታውሰውም።

ቀብድ የሚመዘገበው እጃችሁ በገባበት ቀን ነው። ለጁን ሠርግ በዲሴምበር ቀብድ ከተቀበላችሁ ገቢው የዲሴምበሩ ዓመት ነው። ሠርጉ ቀርቶ ቀብዱን ከመለሳችሁ በመለሳችሁበት ዓመት ትቀንሱታላችሁ።

አሁን ወደ ሽልማቱ እንምጣ። ግንባር ላይ የሚለጠፈውም፣ መድረክ ላይ የሚበተነውም፣ ኪቦርዱ ላይ የሚቀመጠውም ገቢ ነው። ሙዚቀኛው ብዙ ጊዜ «ስጦታ ነው» ይላል። ለሥራችሁ የተሰጣችሁ እስከሆነ ድረስ ሕጉ እንደ ስጦታ አያየውም። ባንዱ ከተከፋፈለው የእያንዳንዱ ድርሻ የየራሱ ገቢ ነው። ስለዚህ ሽልማቱ መኪና ውስጥ ሲቆጠር ቁጥሩን ጻፉ፦ ጠቅላላው ስንት፣ ለማን ስንት።

ከ2025 እስከ 2028 የጉርሻ ገቢን እስከ 25,000 ዶላር ድረስ ለመቀነስ የሚፈቅድ ሕግ ወጥቷል። ወሬው በየካፌው «ጉርሻ ከታክስ ነፃ ሆነ» ተብሎ ነው የተወራው። የሚቀንሰው የገቢ ታክሱን ብቻ ነው። ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር የሚከፈለውን አይነካም። ደግሞም ሕጉ የመድረክ ሥራን በሚጨምሩ አንዳንድ ሙያዎች ላይ ገደብ ስላለው፣ በራሳችሁ የምትሠሩ ከሆነ ፎርሙን የሚሞላላችሁን ባለሙያ ሳትጠይቁ አትውሰዱት።

ሌላው የተለመደ ስሕተት «1099 ካልመጣልኝ ገቢ አይደለም» ማለት ነው። 1099 የከፋዩ ሪፖርት ነው፤ የእናንተ ግዴታ በእሱ ላይ አይንጠለጠልም። ሙሽሮች ለሠርጋቸው ባንድ ከፍለው 1099 የመላክ ግዴታ የለባቸውም። ዜልም 1099-ኬ የሚባለውን የክፍያ መተግበሪያዎች ሪፖርት ለአይአርኤስ አይልክም። ገንዘቡ ግን ገቢ ነው።

4. የባንድ መሪ ከሆናችሁ ይህን ሁለት ጊዜ አንብቡት

አንድ ፕሮሞተር ለእንቁጣጣሽ ዝግጅት ለባንዱ መሪ 3,500 ዶላር ከፈለው እንበል። መሪው ለድምፃዊዋ 900፣ ለድራመሩ 500፣ ለቤዝ ተጫዋቹ 500፣ ለሳክስፎኒስቱ 500 ሰጠ። በድምሩ 2,400። ለሳውንድ ሲስተም ኪራይ ደግሞ 300 ሄደ። ለእሱ የቀረው 800 ነው።

ጃንዋሪ ላይ ፕሮሞተሩ 1099 ይልካል። ወረቀቱ ላይ 800 አይደለም ያለው፤ 3,500 ነው። አይአርኤስ ዘንድም ያው ቁጥር ደርሷል። መሪው ለባንዱ አባላት የከፈለውን 2,400 ማሳየት ካልቻለ የእነሱን ታክስ እሱ ይከፍላል። ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር ብቻ ወደ 339 ዶላር፤ የገቢ ታክሱ ሳይጨመር። እንዲህ ያለ ምሽት በዓመት አሥር ጊዜ ካለ ራሳችሁ አስሉት።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ከመጀመሪያው ልምምድ በፊት እያንዳንዱ አባል ደብሊው-9 ይሙላ። ስም፣ አድራሻ፣ የታክስ ቁጥርና ፊርማ ብቻ ያለባት ቅጽ ናት። «ወንድሜ፣ አታምነኝም እንዴ?» የሚል ይኖራል። የመተማመን ጉዳይ አይደለም በሉት። ደብሊው-9 ካልሰጣችሁ ሕጉ ከክፍያው 24 በመቶ ቆርጣችሁ ለአይአርኤስ እንድታስገቡ ያዛል። ይህን ሲሰማ አብዛኛው ሰው ይፈርማል።

ክፍያውን በዜል ወይም በቼክ አድርጉት፤ ማስታወሻው ላይ የዝግጅቱን ስምና ቀን ጻፉ። በካሽ ከሆነ ደረሰኝ አስፈርሙ። በዓመቱ ውስጥ 600 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ ለከፈላችሁት ለእያንዳንዱ ሰው 1099-ኤንኢሲ እስከ ጃንዋሪ 31 ትልካላችሁ። ከጃንዋሪ 2026 ወዲህ ለሚከፈል ገንዘብ ወለሉ ወደ 2,000 ዶላር ከፍ ብሏል። ወለሉ ለአንድ ምሽት ሳይሆን ለዓመቱ ድምር ነው። ድራመሩ አንድ ቀን 500 ቢሆንም በአምስት ዝግጅት 2,500 ደረሰ ማለት ነው።

እንዲሁም ውል ይኑራችሁ። አንድ ገጽ ይበቃል፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ዋጋ፣ ቀብድ፣ ቢቀር የቀብዱ ዕጣ፣ ሳውንድ የማን እንደሆነ፣ ከሰዓቱ ካለፈ በሰዓት ስንት እንደሚጨመር። የመጨረሻዋን አትርሱ። የሐበሻ ሠርግ በሰዓቱ ተጀምሮ በሰዓቱ ያለቀበትን ቀን የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ።

5. ወጪያችሁን አትጣሉ

ታክሱ የሚታሰበው ከጠቅላላው ገቢ አይደለም። ለሥራው ያወጣችሁት ተቀንሶ ከቀረው ነው። ልዩነቱን በቁጥር እንየው። ያላገባ፣ ሌላ ገቢ የሌለው ኪቦርዲስት በዓመት 30,000 ዶላር ገባለት። ወጪው 9,000 ነው። ሁሉንም ደረሰኝ ይዞ ካመለከተ የተጣራ ትርፉ 21,000 ይሆናል። የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ድርሻው 2,967 ዶላር አካባቢ፣ የገቢ ታክሱ ደግሞ 300 ገደማ ነው። በጠቅላላው 3,270 ያህል። ደረሰኙን ጥሎ 30,000ውን እንዳለ ካስመዘገበ 5,200 ይጠጋል። ከ1,900 ዶላር በላይ በሜዳ ቀረ። ጥሩ ማይክና ስፒከር ይገዛ ነበር።

ሌላም ነገር አስተውሉ። ትልቁ ሸክም የገቢ ታክሱ አይደለም። 15.3 በመቶ የሚሆነው የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ነው። ተቀጣሪ ግማሹን አሠሪው ይከፍልለታል፤ በራሱ የሚሠራ ሁለቱንም ግማሽ ራሱ ይከፍላል። «እኔ ድሀ ነኝ፣ ታክስ አይደርስብኝም» የሚሉ ሙዚቀኞችን ኤፕሪል ላይ የሚያስደነግጣቸው ይህ ነው።

ምን ይቀነሳል? ገመድ፣ ክር፣ ከበሮ ቆዳ፣ ለኪቦርዱ የምትገዙት ስታይልና ሳምፕል፣ የስቱዲዮ ኪራይ፣ ፖስተር፣ የመሣሪያ ኢንሹራንስ፣ የልምምድ ቦታ፣ ለሥራ የምትጠቀሙበት የስልክ ድርሻ። እያንዳንዱ እስከ 2,500 ዶላር የሚያወጣ መሣሪያ በአንድ ጊዜ እንዲቀነስ መምረጥ ትችላላችሁ። ከዚያ በላይ የሆነውንም ብዙውን ጊዜ ሴክሽን 179 በሚባለው አንቀጽ በዚያው ዓመት መቀነስ ይቻላል፤ ከግማሽ በላይ ለሥራ የሚውል ከሆነ።

መኪና ላይ ተጠንቀቁ። በ2025 በማይል 70 ሳንቲም ነው። ከሲልቨር ስፕሪንግ ሪችመንድ ሠርግ ሄዶ መመለስ 230 ማይል ገደማ ስለሆነ 161 ዶላር ይቀነሳል ማለት ነው። ግን በየሳምንቱ ዓርብ ለምትጫወቱበት ያው ሬስቶራንት ከቤት መመላለስ እንደ ማንኛውም ሠራተኛ መንገድ ይቆጠራል፤ አይቀነስም። ቤታችሁ ውስጥ ለሙዚቃው ሥራ ብቻ የተለየ ክፍል ካለና ዋናው የሥራ ቦታችሁ እሱ ከሆነ ነገሩ ይለያል። ለዚያ ክፍል ራሱም በስኩዌር ፉት 5 ዶላር፣ እስከ 300 ስኩዌር ፉት መቀነስ ይቻላል። «ለሥራ ብቻ» የሚለው ቃል ግን ቀልድ የለበትም፤ እንግዳ የሚያድርበት ክፍል አይሆንም።

ልብስ ላይ ብዙ ክርክር አለ። ደንቡ፣ በዕለት ተዕለት ሕይወት የሚለበስ ልብስ አይቀነስም ይላል። ጥቁር ሱፍ ገዝታችሁ መድረክ ላይ ብቻ ብትለብሱት እንኳ አይቀነስም። ጥልፍ ሸሚዝና የሀበሻ ቀሚስስ? ለቤተ ክርስቲያንም ለድግስም የሚለበስ ስለሆነ መከራከሪያው ደካማ ነው። የእስክስታ ቡድኑ በአንድ ዓይነት ያሰፋው፣ የአንበሳ ጎፈሬ የተጨመረበት የትርዒት ልብስ ግን በልበ ሙሉነት ይጻፋል። ጎፈሬ አድርጎ ጃይንት ሱፐርማርኬት የሚገባ ሰው የለም።

ምግብ፦ ለሥራ ከከተማ ወጥታችሁ ስታድሩ ግማሹ ይቀነሳል። ሠፈራችሁ ተጫውታችሁ ከባንዱ ጋር ክትፎ ከበላችሁ የራሳችሁ ክትፎ ነው።

ብዙዎች የሚረሱት ደግሞ ከተጣራው የቢዝነስ ገቢ እስከ 20 በመቶ የሚቀንሰውን ኪውቢአይ ነው። ገቢያችሁ በጣም ከፍተኛ ካልሆነ ሙዚቀኞችም ይገባችኋል። ከላይ ባለው የኪቦርዲስት ሒሳብ ውስጥ አስገብቼዋለሁ።

6. ክፍያው በዓመት አራት ጊዜ ነው

በዓመቱ መጨረሻ 1,000 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ ዕዳ የሚኖርባችሁ ከሆነ አይአርኤስ ኤፕሪልን አይጠብቅም። ኤፕሪል 15፣ ጁን 15፣ ሴፕቴምበር 15ና በቀጣዩ ዓመት ጃንዋሪ 15 እየከፋፈላችሁ እንድትከፍሉ ይፈልጋል። በድረ ገጹ ከባንክ ሒሳባችሁ በቀጥታ መክፈል ይቻላል።

እነዚህን ቀናት ከእኛ አቆጣጠር ጋር አስተያዩአቸው። በሁዳዴ ሠርግ የለም። 55 ቀን ሙሉ የሙዚቀኛው ስልክ ይቀዘቅዛል። ከዚያ ኤፕሪል 15 ይመጣል፤ ያለፈው ዓመት ቀሪ ዕዳና የአዲሱ ዓመት የመጀመሪያ ክፍያ በአንድ ቀን። በ2025 ያ ቀን ያረፈው ሰሙነ ሕማማት ላይ ነበር። በ2026 ፋሲካ ኤፕሪል 12 ስለዋለ ታክሱ በሦስተኛው ቀን ነው። ማለትም በዓመቱ ትልቁ ክፍያ የሚመጣው ኪስ በጣም በሚሳሳበት ሰሞን ነው። የገናና የጥምቀት፣ እስከ ሁዳዴ መግቢያ ያለው የሠርግ ገንዘብ ለዚህ መቀመጥ አለበት።

የሌሎቹ ቀናት አቀማመጥ ይሻላል። ጁን 15 ከፋሲካ በኋላ ሠርግ ከተከፈተ ወዲህ ነው። ሴፕቴምበር 15 ደግሞ የጁላይ የስፖርት ፌስቲቫል ሰሞን ሥራና እንቁጣጣሽ ካለፉ በኋላ።

ስንት ትክፈሉ? ቀላሉ መንገድ ያለፈውን ዓመት ጠቅላላ ታክስ ለአራት ማካፈል ነው። ገቢያችሁ ከ150,000 ዶላር ካልበለጠ ያንን በየጊዜው ከከፈላችሁ፣ ዘንድሮ ሥራ ቢያጥለቀልቃችሁ እንኳ በማነስ ቅጣት የለም። ተቀጥራችሁ የምትሠሩት ሌላ ሥራ ያላችሁ ደግሞ ሌላ ዘዴ አላችሁ፦ አሠሪያችሁ ከደመወዛችሁ ተጨማሪ እንዲቆርጥ ደብሊው-4 የሚባለውን ቅጽ ቀይሩ። አራቱን ቀን ትረሱታላችሁ።

7. ከስቴት ስትወጡ

ቴክሳስ፣ ኔቫዳ፣ ፍሎሪዳና ዋሺንግተን ስቴት በሥራ ገቢ ላይ የስቴት ታክስ የላቸውም። ሚኒሶታ ከሌላ ስቴት መጥቶ ከሚጫወት አርቲስት ክፍያ ላይ 2 በመቶ ታስቆርጣለች። ካሊፎርኒያ በዓመት ከ1,500 ዶላር በላይ ሲሆን 7 በመቶ። ሎስ አንጀለስ ተጫውታችሁ ክፍያው ጎድሎ ከመጣ አዘጋጁን ሌባ ከማለታችሁ በፊት የተቆረጠበትን ወረቀት ጠይቁት። ያ ወረቀት ታክስ ስትሠሩ ያስፈልጋችኋል።

8. ከሀገር ቤት ድምፃዊ የምታስመጡ ፕሮሞተሮች

በቱሪስት ቪዛ መጥቶ መዝፈን አይቻልም። የባህል አርቲስቶች ብዙውን ጊዜ የሚመጡት ፒ-3 በሚባለው ቪዛ ነው። ቪዛው ሲሳካ ሁሉም ነገር ያለቀ ይመስላል፤ ታክሱ ግን ገና ነው።

ዜጋም የግሪን ካርድ ባለቤትም ላልሆነ እንግዳ አርቲስት ከምትከፍሉት ጠቅላላ ገንዘብ 30 በመቶውን ቆርጣችሁ ለአይአርኤስ የምታስገቡት እናንተ ናችሁ። በኢትዮጵያና በአሜሪካ መካከል ይህን የሚያስቀር የታክስ ስምምነት የለም። 10,000 ዶላር ከተዋዋላችሁ 7,000 ለአርቲስቱ፣ 3,000 ለአይአርኤስ። ካልቆረጣችሁ ዕዳው የእናንተ ነው፤ አርቲስቱ አዲስ አበባ ከገባ በኋላ አይአርኤስ እናንተ በር ላይ ነው የሚመጣው።

ጠብ የሚነሣው «እጄ ላይ 10,000 ይግባልኝ» ሲባል ነው። እንዲያ ከሆነ የእናንተ እውነተኛ ወጪ 14,286 ዶላር መሆኑን ቲኬት ዋጋ ከማውጣታችሁ በፊት እወቁት። ውሉ ላይ «ከታክስ በፊት» ወይም «ከታክስ በኋላ» የሚል ቃል በግልጽ ይስፈር።

30 በመቶው ከባድ የሚሆነው ከጠቅላላው ስለሚቆረጥ ነው። የሚቀንስበት መንገድ አለ። አርቲስቱ በዓመቱ አሜሪካ ውስጥ ቢያንስ 10,000 ዶላር የሚያገኝ ከሆነ፣ ፎርም 13930 ሞልቶ ወጪው ተቀንሶ እንዲታሰብለት ማመልከት ይችላል። የመጀመሪያው ዝግጅት ከመድረሱ 45 ቀን በፊት መግባት አለበት። የቪዛውን ጠበቃ ስታናግሩ ይህንንም በዚያው ሰሞን ጀምሩ።

9. ዩቲዩብና ሮያሊቲ

የራሳችሁ ድርሰት ካላችሁ፣ ለደራሲ የሚገባውን የመብት ክፍያ (ሮያሊቲ) ከሚሰበስቡት ከአስካፕ ወይም ከቢኤምአይ በአንዱ ውስጥ ተመዝገቡ። ለስትሪሚንግ የድርሰት ድርሻ ኤምኤልሲ፣ ለዲጂታል ሬዲዮ የቀረጻ ድርሻ ደግሞ ሳውንድ ኤክስቼንጅ አለ። ካልተመዘገባችሁ ገንዘቡ ፈልጎ አያገኛችሁም። ግጥም፣ ዜማና ቅንብር የማን እንደሆነና በመቶ ስንት እንደሆነ ስቱዲዮ ውስጥ እያላችሁ ጻፉና ተፈራረሙ። ዘፈኑ ሚሊዮን ዕይታ ካገኘ በኋላ ይህን ወሬ መጀመር ጓደኝነት ያፈርሳል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ሆነው ቻናል ያላቸውም የአሜሪካ ታክስ ይነካቸዋል። ዩቲዩብ የታክስ ፎርም ከተሞላለት በአሜሪካ ካሉ ተመልካቾች ከሚገኘው ገቢ ላይ 30 በመቶ ይቆርጣል። ፎርሙ ካልተሞላ ግን ከመላው ዓለም ከሚገኘው ጠቅላላ ገቢ 24 በመቶ ሊቆርጥ ይችላል። ፎርሙን ሙሉት።

10. ትንሿ የባህል ማኅበር

የእስክስታ ቡድን፣ የልጆች የክራር ትምህርት፣ የቲያትር ክበብ ያላችሁ፣ የሀገር ቤቱን እድር አስቡት። እድር ሰብሳቢ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው፣ መዝገቡን የሚመረምር ሌላ ሰው አለው። ገንዘቡን የሚይዘውና መዝገቡን የሚጽፈው አንድ ሰው አይደለም። እዚህ ስንመጣ ያንን ጥበብ ጥለን፣ የቡድኑ ገንዘብ ሁሉ በአንዲት እህት የግል ዜል እንዲገባ እናደርጋለን። እሷ ታማኝ ብትሆንም ገንዘቡ በወረቀት የእሷ ገቢ ይመስላል። ብትታመም ወይም ብትጣላ ደግሞ ማኅበሩ ባዶ እጁን ይቀራል።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። በስቴታችሁ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ሆናችሁ ተመዝገቡ። መተዳደሪያ ደንብ ጻፉ። ኢአይኤን አውጡ። በማኅበሩ ስም የባንክ ሒሳብ ክፈቱና ከተወሰነ ብር በላይ ሲወጣ ሁለት ሰው እንዲያጸድቅ ወስኑ። ከዚያ ማኅበሩን ከፌዴራል ገቢ ታክስ ነፃ የሚያደርገው የ501ሲ3 ማመልከቻ። ዓመታዊ ገቢያችሁ ከ50,000 ዶላር፣ ንብረታችሁ ከ250,000 ካልበለጠ አጭሩን ፎርም 1023-ኢዜድ መሙላት ትችላላችሁ፤ ክፍያው 275 ዶላር ነው። ረጅሙ 600 ነው። ከተመሠረታችሁ በ27 ወር ውስጥ ካመለከታችሁ ነፃነቱ ከምሥረታው ቀን ጀምሮ ይሠራል። ይህ ሁሉ የሚበዛባችሁ ከሆነ 501ሲ3 ባለው ሌላ ማኅበር ጥላ ሥር መሥራትም አለ፤ እሱ ገንዘቡን ይቀበላል፣ ጥቂት በመቶ ይይዛል፣ ወረቀቱን ይጨርሳል።

ወረቀቱ ከመጣ በኋላ ነው ብዙዎች የሚወድቁት። «ታክስ የለብንም» ብለው ፋይል ማድረግ ይተዋሉ። ገቢያችሁ በተለመደው ዓመት ከ50,000 የማይበልጥ ከሆነ 990-ኤን የሚባል ፎርም በኢንተርኔት በየዓመቱ ይሞላል። ነፃ ነው፤ ሻይ ሳይቀዘቅዝ ያልቃል። ሒሳባችሁ ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ከሆነ የመጨረሻው ቀን ሜይ 15 ነው። ሦስት ዓመት በተከታታይ ሳትሞሉ ካለፋችሁ 501ሲ3ቱ በራሱ ይሰረዛል፤ ለመመለስ እንደገና ማመልከትና መክፈል ይጠይቃል። ቀኑን በአንድ ሰው ስልክ ላይ ብቻ አትተዉት። ሰብሳቢዋም ጸሐፊውም ይያዙት።

ለለጋሾች ደረሰኝ ስጡ። 250 ዶላርና ከዚያ በላይ የሰጠ ሰው ከእናንተ የጽሑፍ ማረጋገጫ ከሌለው መቀነስ አይችልም። የእራት ዝግጅት ከሆነ ደግሞ ሙሉው ቲኬት ልገሳ አይደለም። ቲኬቱ 100 ዶላር፣ ምግቡና መጠጡ 40 የሚያወጣ ከሆነ ልገሳው 60 ነው፤ ክፍያው ከ75 ስለሚበልጥም ይህን በጽሑፍ የመንገር ግዴታ አለባችሁ።

የሰብሳቢው ልጅ ዲጄ ነው እንበል። መቅጠር አይከለከልም። ግን ሰብሳቢው ሲወሰን ከክፍሉ ይውጣ፤ ዋጋው ከሌሎች ዲጄዎች ጋር ይነጻጸር፤ ውሳኔው ቃለ ጉባኤ ላይ ይስፈር። በየሳምንቱ እናንተ በወሰናችሁት ሰዓትና ቦታ የሚያስተምረውን የክራር መምህር ደግሞ በደፈናው 1099 ከመስጠታችሁ በፊት፣ በሕጉ ተቀጣሪ ሊሆን እንደሚችል አስቡ።

11. ያለፉ ዓመታት ካመለጧችሁ

መክፈል ባትችሉም ፋይል አድርጉ። አለማስገባት በወር 5 በመቶ፣ እስከ 25 በመቶ ያስቀጣል። አስገብቶ አለመክፈል ግን በወር ግማሽ በመቶ ነው። እስከ ኦክቶበር 15 ማራዘሚያ ብትወስዱ እንኳ የሚራዘመው ወረቀቱ እንጂ ክፍያው አይደለም። ዕዳው ከ50,000 ዶላር በታች ከሆነ የወር ክፍያ ስምምነት በድረ ገጹ ላይ ራሳችሁ ማመልከት ትችላላችሁ።

ታክስ የሚሠራላችሁን ሰው ምረጡ። «ከፍተኛ ሪፈንድ አወጣለሁ» ከሚልና ፎርሙ ላይ ስሙን ከማይፈርም ሰው ሽሹ። ተከፍሎት የታክስ ፎርም የሚሞላ ሰው መፈረምና ፒቲአይኤን የሚባል ቁጥሩን ማስፈር ግዴታው ነው። የፈጠረው ወጪ በምርመራ ሲወድቅ የምትጠየቁት እናንተ ናችሁ።

አይአርኤስ ድረ ገጽ ላይ አካውንት ከከፈታችሁ በስማችሁ የተላኩትን 1099ዎች በየዓመቱ ማየት ትችላላችሁ። ከዚያ ጀምሩ። የባንክ መግለጫችሁን፣ የዜል ታሪካችሁንና የቆዩ ፖስተሮችን ጨምሩበት፤ ፖስተር ቀንና ቦታ ይነግራችኋል። ከቅርቡ ዓመት ወደ ኋላ ሂዱ። በራስ ሥራ የተገኘ ገቢ ለሶሻል ሴኩሪቲ የሚቆጠረው ዓመቱ ካለቀ በኋላ በ3 ዓመት ከ3 ወር ከ15 ቀን ውስጥ ከተመዘገበ ነው። ለ2022 ገቢ ይህ ጊዜ የሚያበቃው ኤፕሪል 15፣ 2026 ነው፤ ለ2023 ደግሞ ኤፕሪል 15፣ 2027።